ስሙ ቀኝ ዓይናማ፣ ዓይኑ ግን በግራ

እንስሳትን በየመደባቸውና በየቤተሰባቸው ከፋፍሎ መጻፍ ለተማሪዎቻችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ስሞቹ ይሸመደዳሉ፤ በፈተና ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ከዚያም ይረሳሉ። እኛ የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ጣልቃ መግባታችን አንዳንድ የሥነ ሕይወት ባልደረቦቻችንን ሊያስገርም ይችላል። ያስደፈረን አንድ የጠፍጣፋ ዓሣ ቤተሰብ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሌሮኔክቲዴ፣ በተለምዶ ደግሞ «ቀኝ ዓይናሞቹ» ይባላል።

የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነው ፕሌይስ በሰሜን አውሮፓ ባሕሮች ይኖራል። ከእንቁላሉ ሲወጣ እንደማንኛውም ዓሣ ነው፤ በግራና በቀኝ ጎኑ አንዳንድ ዓይን ይዞ ቀጥ ብሎ ይዋኛል። ከሳምንታት በኋላ በታይሮይድ ሆርሞን ግፊት አካሉ መለወጥ ይጀምራል። የራስ ቅሉ ይጣመማል፤ የግራ ዓይኑ ቀስ በቀስ አናቱን ተሻግሮ ከቀኝ ዓይኑ አጠገብ ያርፋል። ዓሣውም በግራ ጎኑ አሸዋ ላይ ተኝቶ ቀሪ ዕድሜውን ያሳልፋል። ወደ ላይ የዞረው ጎን የአሸዋውን ቀለም ይይዛል፤ ወደ ታች የዞረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው የአትላንቲክ ሃሊበትም ሕይወቱን የሚጀምረው ልክ እንደዚሁ ነው።

ፊዚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ በጉልላት ጫፍ ላይ የተቀመጠች ኳስ ትታወሰዋለች። ኳሷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል የመውደቅ ዕድል አላት፤ አንዱን ስትመርጥ ሲሜትሪው ተሰበረ እንላለን። ታዲያ ከዓሣዎቹ ግማሾቹ ግራ፣ ግማሾቹ ቀኝ ዓይናም መሆን አልነበረባቸውምን? ከቀይ ባሕር እስከ አውስትራሊያ በሚገኘው ፕሴቶደስ በተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ዘንድ በእርግጥ ሁለቱም በተቀራራቢ ቁጥር ይታያሉ። ፕሌይስ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቀኝ ዓይናም ነው። አንድ የተደበቀ ነገር ጉልላቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎታል ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ባለ ኮከብ ፍላውንደር የሚባለው ዝርያ ነው። የቀኝ ዓይናሞቹ ቤተሰብ ሕጋዊ አባል ነው። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ግማሽ ያህሉ ግራ ዓይናም ነው፤ በአላስካ ይህ ቁጥር ወደ 70 ከመቶ ይደርሳል፤ በጃፓን ባሕር ዳርቻ ደግሞ ቀኝ ዓይናሙን ማግኘት ብርቅ ነው። ግራ ዓይናም ሆኖ የተገኘው ሲመረመር የዓይን ነርቮቹ አጣጣል የቀኝ ዓይናም ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ነርቮቹ አንድ ተጨማሪ ጥምዝ ይጠመዘዛሉ። ዓይኑ ወደ ግራ ቢሄድም ውስጡ የዘመዶቹን ሥርዓት አልተወም። ምደባውን ያጸናው ይህን የመሰለ ማስረጃ ነው እንጂ ስሙ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚኖሩ ሮምቦሶሊዴ የሚባሉ ቀኝ ዓይናም ዓሣዎች ቀድሞ በዚሁ ቤተሰብ ሥር ይቆጠሩ ነበር። አጥንቶቻቸው በጥንቃቄ ሲነጻጸሩ ግን የዓይን አቀማመጥ ብቻውን ዝምድናን እንደማያረጋግጥ ታወቀ፤ ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ናቸው።

ማይቫርት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1871 በዳርዊን ላይ ያነሣው ተቃውሞም ከዚሁ ዓሣ የመነጨ ነበር። ዓይን ግማሽ መንገድ ተጉዞ ቢቆም ለዓሣው ምን ይጠቅመዋል? ሲል ጠየቀ። ዳርዊን በ1872 በታተመው ስድስተኛ እትሙ መልስ ቢሰጥም በእጁ ቅሪተ አካል አልነበረም። ማት ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ2008 ዓይናቸው በእርግጥ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ፣ ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ዓሣዎች ይፋ አደረገ። ለዚህ አዲስ ቁፋሮ አላስፈለገም። ሄተሮኔክተስ ብሎ የሰየመው የተገኘው በቪየና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ አምፊስቲየም የሚባለውም ሳይንስ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው ነበር። የዚህኛውን የራስ ቅል ለማየት የረዳው የኤክስሬይ ቶሞግራፊ ነው፤ እዚህ ላይ የፊዚክስ ሰዎች ጥቂት ብንኮራ አይፈረድብንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጠፍጣፋ ዓሣ በሐይቆቻችን የለም፤ የምደባ ክርክር ግን አለ። ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1973 የጣናን ትልልቅ ባርበስ ዓሣዎች በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ ቅርጻቸውን፣ አመጋገባቸውንና መኖሪያቸውን አጥንተው ከደርዘን በላይ ዝርያ እንዳለ አሳዩ። አንድ ሐይቅ፣ ያው ዓሣ፣ ሁለት ዝርዝር። ተማሪው የመጀመሪያውን ብቻ ሸምድዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይበጀው ነበር?

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። መምህራን የቤተሰብ ስም ሲያስጽፉ ከጎኑ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ «ይህ ምደባ በምን ማስረጃ ቆመ? ምን ቢገኝ ይፈርሳል?» የሚል። በመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ የዓሣ ናሙና ማሰሮዎችም ወደ መማሪያ ክፍል ይውጡ፤ ተማሪዎችም በእጃቸው ይዘው ይለኩ። ፕሴቶደስን ከሌሎቹ ጠፍጣፋ ዓሣዎች ጋር አንድ የዘር ሐረግ ያገናኘዋልን? ወይስ ለየብቻ ነው የጠፈጠፉት? እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጡ የዘረመል ጥናቶች በዚህ ጥያቄ ላይ እርስ በርስ ተቃርነዋል፤ ከአንባቢዎቻችን አንዱ ወይም አንዷ ነገ በክርክሩ ውስጥ የማይገቡበት ምክንያት አይታየንም።