ብስክሌት ዘላዮቹ ልጆቻችን

ባለፈው ዕትም በዚህ ዓምድ ስለ ክፍልፋይ ሂሳብ እንቀጥላለን ብለን ነበር። ሂሳቡ ይቆየን። ከታራች ወንዝ ዳር የተነሳው ጉዳይ ይቅደም።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የ14 ዓመት ተማሪያችን የአባቱን ብላክ ማምባ ይዞ ዝናብ የቦረቦረውን ቦይ ሊዘል ሞከረ። የፊት ጎማው ከማዶ ያለውን ጠርዝ ገጨና ልጁ በመሪው ላይ ተወርውሮ ወደቀ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ፣ የብስክሌቱም የፊት ሹካ ተጣመመ። አባትየው በዚያች ብስክሌት ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። አጥንቱም ሹካውም እስኪጠገን ቤቱ ከራሽን ሌላ ገቢ አልነበረውም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አብዛኛው ሰው «ይከልከል» አለ። እኛ ደግሞ ማስተማር ይሻላል አልን። አንዲት እናት «መምህር፣ ይከለክሉልናል ስንል ጭራሽ ሊያስተምሯቸው ነው?» አሉን። ቅያሜያቸው ይገባናል። ነገር ግን ወንዙ ዳር አጥር የለም፣ ዘበኛም የለም። የከለከልነው ልጅ ማንም ወደማያየው ቦታ ሄዶ ይዘላል፣ ሲወድቅም የሚያነሳው አያገኝም።

ይህ ጨዋታ ፈረንጆቹ ዘንድም የተጀመረው በአሮጌ ብስክሌት ነው። በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1976 ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ በኮረኮንች ቁልቁለት መወዳደር ጀመሩ። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበር፣ ታች ሲደርሱ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ስለሆነ ውድድሩንም «ሪፓክ» አሉት፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ የሚባለው ሰው ለዚሁ ሥራ የታሰበ ብስክሌት ሠራ። በ1996 ደግሞ የተራራ ብስክሌት ውድድር ኦሎምፒክ ገባ። አትላንታ፣ ኃይሌና ፋጡማ ወርቅ ያገኙበት ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ዱርዬ ለማለት አንቸኩል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ልጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምንለው።

መዝለል ከመሬት አይጀመርም፣ ከአቋቋም ነው የሚጀመረው። ከኮርቻው ተነሱ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ። ጉልበትና ክርን ታጠፍ ይበሉ። ዓይን የፊት ጎማውን አይይ፣ ራቅ ብሎ የምትሄዱበትን ይይ። በዚህ አቋም ትናንሽ ጉብታዎችን ሳትዘሉ እለፉ፤ ጉብታው ብስክሌቱን ሲያነሳው እግርና እጃችሁ ይታጠፉ፣ ሲወርድ ይዘርጉ። ይህን ያልቻለ ልጅ ለመዝለል አልደረሰም።

ወንዙ ውስጥ ያለው አሸዋ ላይ ደግሞ ክብደታችሁን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉ፣ መሪውን ጨምድዳችሁ አትያዙ፣ ፔዳሉን ሳታቋርጡ ርገጡ። የፊት ፍሬን አሸዋ ላይ አይነካም።

ከዚያ ነው ዝላዩ። ብዙዎቻችሁ መሪውን በክንድ ትጎትታላችሁ፤ ስህተቱ ይሄ ነው። መወጣጫው ጋ ስትደርሱ በእግራችሁ ብስክሌቱን ወደ መሬት ተጫኑት። ጫፉ ላይ እግራችሁን ስትዘረጉ ብስክሌቱ አብሯችሁ ይነሳል። አየር ላይ ፍሬን አትንኩ። የኋላው ፍሬን እንኳ ተሽከርካሪውን ጎማ ድንገት ሲያቆመው የብስክሌቱን አፍንጫ ወደ ታች ይደፋዋል። ስታርፉ ሁለቱም ጎማ አንድ ላይ ይንካ፣ ወይም የኋላው በትንሹ ይቅደም።

የት እንደምታርፉም ወሳኝ ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲነካ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል፤ ከግማሽ ሜትር ደግሞ 11 ያህል። (ስምንተኛ ክፍሎች፣ አስሉት።) ቁልቁለት ላይ ያረፈ ብስክሌት ያን ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይንከባለላል። ሜዳ ላይ የወደቀው ግን ሁሉንም በቁርጭምጭሚትና በሹካ ይቀበላል። የፈረንጁ ብስክሌት ሞላ አለው። ብላክ ማምባ ምንም የለው፣ ክብደቱ ብቻ ወደ 20 ኪሎ ይደርሳል።

ስለዚህ ቦይ መዝለል ቀርቷል፤ በዚህ አንደራደርም። ቦይ ያጠረበትን ይሰብራል። በምትኩ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የአፈር መደብ እንሠራለን፤ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ላይኛው ጠፍጣፋው 1 ሜትር ተኩል፣ ግራና ቀኙ ተዳፋት። ዝላይ ያጠረበት ልጅ ጠፍጣፋው ላይ አርፎ ይንከባለላል፣ የሚገጨው ጠርዝ የለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ መጠቅጠቅ አለበት። ለዚህ ብሎ ከቤት ጀሪካን የሚያወጣ ልጅ እንዳናይ! ዝናብ በጣለ ማግስት እንሠራዋለን።

ለወላጆች ደግሞ ሁለት ነገር አለን። ራሱን የተመታ ልጅ የሚያስመልሰው፣ የሚደናገር፣ ራስ ምታቱ የሚብስበት ወይም ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ «ተኝቶ ይነሳል» አይባልም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ። የብስክሌት ቆብ በካምፑ እምብዛም አይገኝም። ከሞተረኞች የሚለምን ሰው አንድ ሁለት የሞተር ቆብ ቢያገኝልን፣ ይከብዳል እንጂ ከባዶ ራስ ይሻላል።

ሁለተኛው የእንጀራችሁ ጉዳይ ነው። የሥራ ብስክሌት መደቡ ላይ አይወጣም፤ አባት ራሱ ይዞት ካልመጣ በቀር። ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ከገበያ ጠጋኞች ተገኝተዋል። የተሳፋሪው መቀመጫ ተነቅሏል፣ ፍሬናቸው ታይቷል፣ የአንደኛው የኋላ ጎማ ግን እሾህ ስለጨረሰው ከመነዳሪ ይፈልጋል። ተርፎት የሚሰጠን ካለ በመምህራን ክፍል ያስቀምጥልን።

ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ሴት ልጆችም ተመዝግበዋል፤ ሦስቱ ከወንዶቹ ቀድመው ነው ስማቸውን ያስያዙት። ትከሻው የተሰበረው ተማሪያችን ለጊዜው አይዘልም። የመደቡን ልክ በሜትር የሚለካው ግን እሱ ነው፣ ራሱ ጠይቆ።