ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ?

ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላጫውታችሁ ነው። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ያስገባችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ መብራቷን ስታርገበግብ የምትውለው ራውተር ናት። በመልክ ብቻ እንጂ በጠባይ የሚያውቃት ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት አላውቃትም ነበር፤ ያወቅኳትም አንድ ጥፋት ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ሐረር ለሽቦ እንግዳ አይደለችም። በአገራችን የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር፣ አዲስ አበባን ያገናኘው ከዚህችው ከኛዋ ከተማ ጋር ነበር። ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነው። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዱሮው ስልክ መስመሩን በእጁ የሚያገናኝ ሠራተኛ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ያውቃል፣ ቢፈልግም ይሰማል። አሁን የማገናኛው ሥራ ወደየቤታችን ገብቷል፤ ሠራተኛውም የራውተሩን የይለፍ ቃል የያዘው የቤቱ ሰው ነው። በኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ ያለ አሮጌ የሐረሪ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ የዋይፋይ ሞገድ እንደልቡ አያልፍበትም። ሳጥኗን ያስቀመጥነው ከናደባው በላይ፣ ለዕቃ ማስቀመጫ በተበጀችው የግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ለዓይን ታምራለች፤ ለሞገድ ግን ከዚያ የከፋ ቦታ የለም። በኋላ ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት አዛወርናት። የጋራ ግቢያችን ላይ የሚከፈተው በር ብዙ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከዒሻ ሶላት በኋላ ኢንተርኔቱ ይሞታል። አሥረኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ የፊዚክስ ትምህርቱን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ ደብተሩን አጥፎ ይተኛል። እኛም ዝናቡን ወቀስን፣ ምሰሶውን ወቀስን፣ ከሁሉ በላይ የመስመሩን ሠራተኞች አማናቸው። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ሁልጊዜ ሰው ከምናማ ለምን ራሷን ሳጥኗን አንጠይቃትም?» አለኝ። ልክ ነበር።

ራውተር ሁለት ዓይነት በር አላት። አንደኛው በኢንተርኔት መመልከቻ የሚከፈተው፣ ሥዕልና ቁልፍ ያለው ገጽ ነው። ያን ማታ ሳጥኗ ሥራ ስለበዛባት እሱን ለመክፈት እንኳ አቃታት። ሁለተኛው የትእዛዝ መስመር ይባላል። ሥዕል የለውም፤ በጥቁር ገጽ ላይ አንድ ቃል ትጽፋላችሁ፣ ሳጥኗ በጽሑፍ ትመልሳለች። መድረሳ ሉሕ ይዞ ከኡስታዙ ፊት የተቀመጠ ሰው ነገሩ አይገርመውም። አንዲት ሐረካ ከሳታችሁ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ፤ እዚህም አንዲት ፊደል ከሳታችሁ «አላወቅኩትም» ትላችኋለች። ታዲያ እንደ ጥሩ ኡስታዝ አትቆጣም፤ እንደገና መሞከር ነው።

አገባቡ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከሳጥኗ ጋር አገናኘሁ፤ ዋይፋዩን እየነካኩ በዋይፋይ መግባት የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እንደ መቁረጥ ነው። ቀጥሎ የሳጥኗን አድራሻ ፈለግሁ። በዊንዶውስ ጥቁሩን ገጽ ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» ብሎ በላቲን ፊደል መጻፍ ነው፤ «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው ትይዩ ያለው ቁጥር አድራሻዋ ነው። በብዙ ቤት 192.168.1.1 ሆኖ ይገኛል። ከዚያ «ቴልኔት» የሚለውን ቃል፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያም ያን ቁጥር ጽፌ ኤንተር ተጫንኩ። በዛሬዎቹ ዊንዶውሶች ቴልኔት ተዘግቶ ስለሚመጣ ከፕሮግራሞች ማስተካከያ ውስጥ መክፈት ያሻል፤ አለዚያ «ፑቲ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ገጹ ላይ ምንም አይታይም፤ ኮከብ እንኳ የለም። እኔ ኪቦርዱ ተበላሸ ብዬ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቃል «ሄልፕ» ወይም የጥያቄ ምልክት ይሁን። የምታውቃቸውን ትእዛዞች ትዘረዝርላችኋለች። ቃላቱ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያዩ የእኔን እዚህ ብደረድር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ዋናው ነገር ትእዛዞች ሁለት ወገን መሆናቸው ነው፤ የሚያሳዩና የሚለውጡ። የሚያሳዩት ጉዳት የላቸውም። ስለዚህ አንድ ምሽት ሙሉ ማየት ብቻ ይበቃል፤ እኔም ያን ማድረግ ነበረብኝ።

በመጀመሪያ የመስመሩን ጤና ጠየቅኋት። መስመራችን ያኔ በመዳብ ሽቦ ነበርና፣ የድምፁና የጫጫታው ልዩነት በዴሲቤል ይነበባል። 6 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መስመሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከ10 ከዘለለ ደህና ነው። የኛ 14 ነበር። ያ ሁሉ ሐሜታችን በከንቱ ነበር ማለት ነው።

ቀጥዬ «አርፕ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ትእዛዝ ከሳጥኗ ጋር በቅርቡ የተነጋገሩትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያወጣል። እያንዳንዱ ከሁለት ቁጥር ጋር ይመጣል፤ አንዱ ሳጥኗ የሰጠችው አድራሻ፣ ሌላው ማክ አድራሻ የሚባለው የ12 ቁጥሮችና ፊደላት ቅንብር ነው። ቆጠርኩ፤ 19 ናቸው። የኛ ቤት ስልኮችና ኮምፒውተር ተደምረው 6 ናቸው።

አሥራ ሦስት እንግዳ! ደሜ ፈላ። የግቢው ጎረምሶች ቃሉን ከልጆቻችን አውጥተው ሌሊቱን ሙሉ ኳስ ሲያዩበት ታየኝ። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነበር። «ከእነዚህ ስድስት በስተቀር ማንም አይግባ» የሚለውን ትእዛዝ ፈልጌ አገኘሁና ሰጠኋት። ከዚያ «ሴቭ» አልኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በብዙ ሳጥኖች የለወጣችሁት ነገር በጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ብቻ ስለሚቆይ፣ በዚህ ትእዛዝ ካላስቀመጣችሁት መብራት ሄዶ ሲመለስ የለም። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማስቀመጡን ብረሳ ኖሮ ጥፋቴም አብሮ በጠፋ!

ኢንተርኔቱ በረረ። የእህቴ ልጅ ፊዚክሱን ጨረሰ። እኔም አንድ ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ሰነበትኩ።

ሁለት ዓርብ አለፈ። በሦስተኛው፣ ከግቢያችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ስልካቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸው ቶሮንቶ ነው ያለው፤ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በምስል ይደውልላቸዋል። «ልጄ፣ እስቲ ይህን ስልክ እየው፤ ሳይታመም አልቀረም» አሉኝ። «እሺ ሐጂያ» ብዬ ተቀበልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «ስልኩ ደህና ከሆነ ደግሞ ልጁ ተቀይሞኛል ማለት ነው። ሁለት ዓርብ ሙሉ አስቤ ምን እንዳስቀየምኩት አጣሁት።»

ስልኩን ስከፍተው የኛን ዋይፋይ እየፈለገ ይዞራል። ወደ እናቴ ዞርኩ። «የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ዓመት ሆነው። ምነው?» አለችኝ።

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ከመግለጽ ልቆጠብ። ከዚያ ከ19ኙ ቅንብሮች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ግን የ12 ፊደላት ረድፍ ብቻ ነበር ያየሁት። ስም አልጠየቅኩም፤ እናቴንም አልጠየቅኩም። የጎረቤትን ሐቅ ለልጆች አስተምራለሁ፤ በአንድ መስመር ጽሑፍ ግን የአንዲት እናት ዓርብ ዘጋሁ። አውፍ እንዲሉኝ ለመንኳቸው፤ ነገሩ ብዙም ሳይገባቸው «እንኳን ልጄ አልተቀየመኝ» ብለው ሣቁ።

ማስተካከያው አስቸጋሪ አልነበረም። ሳጥኗ ሁለተኛ ዋይፋይ ማውጣት ትችላለች፤ «የእንግዳ መስመር» ይሉታል። የተለየ ስምና የተለየ የይለፍ ቃል አለው፣ ከቤቱ ኮምፒውተሮች ጋር አይገናኝም፣ ፍጥነቱንም መወሰን ይቻላል። ለግቢው ያን ሰጠን፤ ጎረምሶቹም ከሌሊት ኳስ በስተቀር እንዲጠቀሙ ተስማማን። በማክ አድራሻ መከልከሉን ግን ተውኩት። አንደኛ ያስቸግራል፤ ሁለተኛ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎኑ አይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች እውነተኛ አድራሻቸውን ደብቀው ለየዋይፋዩ ሌላ አድራሻ ስለሚፈጥሩ፣ የታወቀው ስልክ ራሱ እንግዳ መስሎ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የግቢያችን ወገን ነው። ሳጥኗ ግን ወደ ውጭ፣ ወደ ዓለሙ የሚያይ ሌላ ወገን አላት፤ እዚያ የሚያንኳኳው ሐጂያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በመላው ዓለም ቴልኔታቸው ወደ ውጭ ክፍት የሆኑ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እየዞረ ይፈትሽ ነበር። የረቀቀ ጥበብ አልነበረውም። ፋብሪካዎች ሲሸጡ የሚሰጧቸውን፣ ሰውም ሳይለውጣቸው የሚተዋቸውን 60 ያህል የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች በተራ ይሞክራል፤ አንዱ ሲሠራ ይገባል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን እንዲህ የተያዙ የቤት ዕቃዎች በአንድ ላይ ተነሥተው ዲን የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትላልቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰው ሳይከፈቱ ዋሉ። በኅዳር ወር ደግሞ በጀርመን 900,000 ያህል ደንበኞች መስመራቸው ተቋረጠ። የዕቃዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ዕቃቸው ሰው ሲበድል እንደዋለ አላወቁም።

የጀጎል አምስቱ በሮች ዱሮ ማታ ማታ ይዘጉ እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። የቴልኔትም በር እንደዚያው ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ ዝጉት፤ ከውጭ ወገን ደግሞ ፈጽሞ አይከፈት። ቴልኔት የይለፍ ቃላችሁን እንደ ፖስትካርድ ሳይሸፍን ነው የሚልከው። ሳጥናችሁ «ኤስኤስኤች» የሚባለውን የምታውቅ ከሆነ እሱ ይሻላል። ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው፣ በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነው። ሳጥኗ ሁለቱንም አልቀበልም ካለችና ከድርጅቱ የተሰጠች ከሆነች፣ ሆን ተብሎ ተዘግቶባት ይሆናልና አትታገሏት።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ሌላ ነው፣ የሳጥኗ የአስተዳደር ቃል ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በየሦስት ወሩ እየለወጡ ሁለተኛውን «አድሚን» ብሎ መተው፣ የሳሎኑን በር ቆልፎ የግቢውን ክፍት መተው ነው። ሌላው፣ በመርፌ የሚነካውን የመመለሻ ቀዳዳ ከመንካታችሁ በፊት፣ ድርጅቱ የሰጣችሁን የመግቢያ ስምና ቃል በወረቀት ጻፉ። ሳጥኗ ሁሉን ስትረሳ እሱንም ትረሳለች፤ ቢሮው እስኪከፈት ድረስም ቁጭ ነው።

አንድ አባት ይህን ሁሉ ሰምተው ለብቻ ጠሩኝና «ኡስታዝ፣ እንግዲያው ልጄ ማታ ማታ ምን እንደሚያይ በዚያች ሳጥን አሳየኝ» አሉኝ። የሚቻለውን ነገርኳቸው፤ ሳጥኗ የጎበኛቸውን ድረ ገጾች ስም ልትመዘግብ ትችላለች፣ ዛሬ አብዛኛው ገጽ ተመስጥሮ ስለሚመጣ ውስጡን ግን አታይም። ምስጢር መሰለል በዲናችን የተከለከለ መሆኑን እሳቸውም ያውቁታል፤ ልጅን መጠበቅ ደግሞ የአባት ግዴታ ነው። እኔ የመከርኳቸው በግልጽ የሚደረገውን ነው። ሳጥኗ የድረ ገጾችን አድራሻ የምትጠይቅበትን ቁጥር ወደ 1.1.1.3 መለወጥ ይቻላል፤ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለቤተሰብ ያቀረበው ሲሆን ነውረኛና ጎጂ ገጾችን ያግዳል። የለውጡን ትእዛዝ ልጁ ራሱ አጠገባቸው ሆኖ እንዲጽፈው አድርጉ አልኳቸው። ልጁ ማለፊያ መንገድ ሊያገኝ እንደሚችልም አልደበቅኳቸውም። አልተደሰቱብኝም፤ ግን አደረጉት።

ከኛ ሳጥን ሥር አሁን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ በቀኝ የመሣሪያው ቅንብር፣ በግራ የሰው ስም። ስልክ ሲቀየር የእህቴ ልጅ ሰርዞ ይጽፋል። ከሐጂያ ቅንብር ጎን «ዓርብ» የሚል ተጨምሯል። ሁለት መስመሮች ገና ስም የላቸውም። ከማዶው በር ጀምሬ እየጠየቅኩ ነው።