ሞዴል አይሮፕላን መሥራት ጨዋታ ብቻ ነውን?



በሺሺንዳ አንድ ተማሪ ከቀርከሃና ከካርቶን አይሮፕላን ሲሠራ የሚያይ ሰው «ትምህርቱን ትቶ ይጫወታል» ይላል። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም።

በውኃ ላይ የሚያርፍ፥ በሬድዮ የሚመራ ትልቅ ሞዴል ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማስላት አለበት። መጠኑን በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢያደርገው የክንፉ ስፋት 4 እጥፍ፥ ክብደቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ሞዴሉ 5 ኪሎ ቢመዝን፥ እንደ ታንኳ ያሉት መንሳፈፊያዎቹ 5 ሊትር ውኃ መግፋት አለባቸው፤ ማዕበል እንዳያሰጥመው ደግሞ ይዘታቸው ወደ 10 ሊትር ቢጠጋ ይሻላል። የመንሳፈፊያው ሥር እንደ ደረጃ ካልተቆረጠ ውኃው ስቦ ስለሚይዘው መነሣት ይቸግረዋል። ይህ ሁሉ በክፍል የምንማረው ሒሳብና ፊዚክስ አይደለምን?

አገራችንም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935፥ አዲስ አበባ ላይ ሠራት። ጣልያኖች ወሰዷት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳ ተሰጠች።

ስለዚህ ተሠርቶ ያለቀ መጫወቻ ይገዛልን አልልም። የምለምነው ቅዳሜ የሚከፈት አንድ ክፍል፥ መጋዝ፥ ሙጫና ከአናጢ የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት ነው። ለሬድዮው ገንዘብ እስኪገኝ መንሳፈፊያውን በበርሜል ውኃ እንፈትናለን፤ ስሌታችን ከተሳሳተ ውኃው ራሱ ያርመናል። ወላጆቻችንም ልጃቸው እንጨት ሲጠርብ ባዩ ጊዜ ከመቈጣታቸው በፊት «ስንት ሊትር ይገፋል?» ብለው ይጠይቁት።