እንስራው የማን ዕውቀት ነው?

ስለ ሸክላ ጥበበኛዋ ማግዳለን ኦዱንዶ ሲነሣ «የቤት ዕቃን ወደ ሥነ ጥበብ ደረጃ ከፍ አደረጉ» የሚለው ውዳሴ ይዘወተራል። ውዳሴው ከቅን ልቡና ቢመነጭም የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ።

ኦዱንዶ እ.ኤ.አ. በ1950 በናይሮቢ ተወልደው በ1971 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ሸክላን በእጅ ማነጽን ግን በናይጄሪያ፣ ያን ጊዜ አቡጃ ዛሬ ሱሌጃ በምትባለው ከተማ፣ ከላዲ ክዋሊና ከሌሎች ሴት ባለሙያዎች ቀሰሙ፤ የኒው ሜክሲኮ ፑዌብሎ ሸክላ ሠሪዎች አሠራርም ታክሎበታል። እንግዲህ የሥራቸው ቅይጥ ቅርስ ከደም ሐረግ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ማሰሮዎቻቸው በመሽከርከሪያ አይሠሩም፤ ጭቃው እየተጠቀለለና እየተደራረበ ያድጋል፣ ገላው እስኪያበራ ይወለወላል። አየር እንደ ልብ በሚያገኝ እሳት ሲተኮስ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አየር በታፈነበት ጭስ ዳግመኛ ሲተኮስ ይጠቁራል። በአገራችን ትኩስ ሸክላን በጭድ ጭስ የሚያጠቁሩ ሴቶች ይህን ሂደት ያለ ኬሚስትሪ ቃላት ያውቁታል።

«ከፍ ማድረግ» የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት የክዋሊን ሥራ መመልከት ይበቃል። የመንደራቸው እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው ገላው ስለሚያልበው ነበር። በማሠልጠኛ ማዕከሉ የእንሽላሊት ምስል የተቀረጸበት ያው ቅርጽ የመስታወት ልባስ ተደርጎለት በከፍተኛ ሙቀት ተተኮሰ፤ በአውሮፓ አዳራሾችም ተደነቀ። ላቡ ግን ቀረ። ዕቃው ውበት ሲጨመርለት ብልሃት ተቀንሶበታል፤ ይህን የሚመዘግብ የዐውደ ርእይ መግለጫ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የክዋሊ ምስል ዛሬ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ላይ ታትሟል። እኛ ዘንድ «ቡዳ» እየተባሉ የተገለሉ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናቸው በመዝገብ ሲሰፍር የተሰበሰበበት ቦታና አገልግሎቱ ይጻፋል፤ የሠሪዋ ስም ግን ባዶ ይቀራል። እኔም በመመረቂያ ጥናቴ ቁመትና ስፋት ለክቼ ስም ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ። አሁን ቅጽ ባዘጋጅ የሠሪዋን ስም፣ ያስተማረቻትን ሴት፣ አፈሩ የተቆፈረበትን ቦታና የማገዶውን ዓይነት አስቀድማለሁ፤ የአፉ ስፋት ኋላ ይደርሳል።

በእርግጥ መገለሉ ባልጠፋበት መንደር ስሟ እንዲጻፍ የማትፈቅድ ሴት ትኖር ይሆናል። ያን ጊዜ መስመሩ ባዶ ይቅር፤ ባዶ የሆነው በእርሷ ፈቃድ መሆኑ ግን ከጎኑ ይጻፍ።