የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ውሉ ሲለወጥ

ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ገዛ፤ ወር ሳይሞላውም የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ደንበኛውን ሁሉ በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ አዞረ። ሰርቨሮቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ውሉ ነው። የዚህ እትም ዋና ርዕስ የሆነው ሊብቨርት ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሬድ ሃት መሐንዲሶች የተጀመረው ይህ የክፍት ምንጭ ላይብረሪ በኬቪኤም፣ በዜን ወይም በቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽን አስኬጅ ሶፍትዌር) ላይ ያለን ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ለማስነሳትና ለማጥፋት ያስችላል። የማሽኑ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ በኤክስኤምኤል ፋይል ተዘርዝሮ ይቀመጣል፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል።

ሁሉን ላስተናግድ የሚል የማንንም ልዩ ችሎታ አሟጦ አይጠቀምም የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የሊብቨርት የቪኤምዌር ድራይቨር በችሎታው ከኬቪኤሙ ያነሰ ነው፤ እየሠራ ያለን ማሽን ሳያጠፉ ከአንዱ ሃይፐርቫይዘር ወደ ሌላው ማሻገርም አይቻልም። ማሽኑን አጥፍቶ ዲስኩን ቨርት-ቪቱቪ በሚባለው መሣሪያ መለወጥ ግድ ነው። ይህ ትችት ግን የሚመዝነው የደህናውን ቀን ምቾት ነው። ሻጩ ዋጋ በጨመረ ማግስት የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ የአስተዳዳሪው ስክሪፕትና ልምድ ከሻጩ ጋር አብሮ ይሄዳል ወይስ እጁ ላይ ይቀራል? በውስጥ ገጾች ያለውን የሽግግር መመሪያ ስትሞክሩ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ።