አቤቱታ የቀረበበት መምህር የተማሪዋን ውጤት አይያዝ

ከፒያሳ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎና ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ የሚገኙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በየዓመቱ ከአገሪቱ ማዕዘናት የሚመጡ ወጣቶችን ይቀበላሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ተለይተው ሲኖሩ የመጀመሪያቸው በመሆኑ መኝታቸው፣ ምግባቸው፣ ውጤታቸውና ከምረቃ በኋላ የሚጠብቁት ሥራ ሁሉ በአንድ ተቋም እጅ ይገባል። በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ኮሌጅነት ተጀምሮ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን የተረከበው ይህ አንጋፋ ተቋም ለአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት አርአያ ሆኖ የቆየ እንደመሆኑ፣ በደል የደረሰበትን ተማሪ አቤቱታ የሚቀበልበትና የሚመልስበት መንገድ የአንድ ግቢ የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሕግ እጥረት አለ ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 መድልዎን፣ ማለትም ሰውን በብሔሩ፣ በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በሌላ አቋሙ ለይቶ ማግለልን፣ ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 625 መምህርን በስም ጠቅሶ፣ በኃላፊነቱ ያገኘውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ከሴት ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ ለክብር ተቃራኒ ድርጊት የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሆኖም ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ የሚውለው ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ወንድ ተበዳይም የሚለው ነገር የለም። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ጠቋሚዎችና ለምስክሮች የተዘረጋው ጥበቃ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የታሰበ በመሆኑ፣ በአንቀጽ 625 የምትከስ ተማሪም ሆነች የምትመሰክርላት ጓደኛዋ ከዚህ ጥላ ውጭ ናቸው። ወሲባዊ ትንኮሳን፣ ይኸውም ያለ ፈቃድ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ ሁኔታ የሚቀርብን ወሲባዊ ግፊት፣ ተርጉሞ የከለከለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢሆን ተማሪን አይመለከትም፤ ተማሪ የማንም ተቀጣሪ አይደለምና።

እንግዲህ ተማሪዋን በቅርብ ሊጠብቃት የሚችለው የዩኒቨርሲቲው የራሱ ደንብ ነው። ችግሩም የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የመመረቂያ ጽሑፏን የሚያማክራት፣ ፈተናዋን የሚያርምላትና ለሥራ ወይም ለተጨማሪ ትምህርት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው ትንኮሳውን የፈጸመው ራሱ ሲሆን፣ ጉዳዩን መጀመሪያ የሚሰሙት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም የእሱው ባልደረቦች ናቸው። አቤት ብትል ውጤቷ ሊበላሽ እንደሚችል፣ ዝም ብትል ግን ቢያንስ እንደምትመረቅ የምታሰላ ተማሪ ዝምታን ብትመርጥ በፍርሃቷ ልትወቀስ አይገባም፤ ምርጫውን ያበጀላት ተቋሙ ነው። ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አለመሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ቢቢሲ በሌጎስና በጋና ዩኒቨርሲቲዎች በድብቅ ካሜራ የሠራው ምርመራ አሳይቷል። ከምርመራው በኋላ መምህራን ከሥራ ታግደዋል፤ ተቋማቱ እንዲነቁ ግን ጋዜጠኞች ተማሪ መስለው መግባት ነበረባቸው።

በብሔር ላይ ለተመሠረተ መድልዎና ማስፈራሪያ ደግሞ መንገዱ የባሰ ጠባብ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉና ግጭቱ በሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ግቢያቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲታገቱ መላው አገር ደነገጠ። እንዲህ ያለው ደም መፋሰስ ግን ብዙውን ጊዜ በመኝታ ክፍል ስድብ፣ በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ በሚጻፍ ዛቻና በምግብ አዳራሽ ተለያይቶ በመቀመጥ የሚጀምር ነው። ለፕሮክተር፣ ማለትም ለመኝታ ሕንፃ ተቆጣጣሪ፣ ተነግሮ የሚቀር ስድብ በየትም መዝገብ ስለማይሰፍር፣ አስተዳደሩ አደጋውን የሚያውቀው ፖሊስ በር ላይ ሲቆም ነው።

ይህ ጋዜጣ የሚጠይቀው ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ነው፤ አቤቱታ በቀረበበት ዕለት የተማሪዋ ፈተና፣ ውጤትና የጽሑፍ ማማከር ሥራ አቤቱታ ከቀረበበት መምህር እጅ ወጥቶ ለሌላ መምህር ይሰጥ። የሐሰት ክስ መምህራንን ያጠፋል የሚለው ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን የእርማት ሥራን ማዛወር ቅጣት አይደለም፤ ደመወዙንም ማዕረጉንም አይነካም፣ እንዲያውም በውጤት ተበቀለ ከሚል ሁለተኛ ክስ ያድነዋል። አቤቱታውን የሚመረምረው አካልም ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የተቋቋመ፣ እንደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና እንደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ካሉ ተቋማት የተወከለ አባል ያለው፣ የጾታም ሆነ የብሔር፣ የሃይማኖትም ሆነ የአካል ጉዳት አቤቱታን በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ የሚመልስና በየዓመቱ የተቀበላቸውንና የወሰነባቸውን ጉዳዮች ቁጥር ስም ሳይጠቅስ ለሕዝብ የሚያሳውቅ መሆን ይኖርበታል። የጾታ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ እንድታገኝ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው አሠራር፣ ተበዳይን ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት ግዴታ አለመሆኑን አሳይቷል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ፣ ይኸውም የውስጥ አስተዳደሩን በራሱ የሚመራ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስለዚህ ከሚኒስቴር የሚመጣ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ቦርዱና ሴኔቱ ይህን ደንብ ከሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በፊት አጽድቀው፣ አዲስ ተማሪዎች የመኝታ ክፍላቸውን ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮና መልስ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፎ እንዲሰጣቸው ማድረግ ይችላሉ።