ስዊድን ቦምቡን የተወችው በአንድ ጀንበር አይደለም

ለመጽሔቱ አዘጋጅ፦

ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያ በቅርቡ እትም በወጣው ሐተታ ውስጥ ስዊድን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ታልፋለች፤ ቦምብ ለመሥራት አስባ እንደነበረና ሰላም ወዳድነቷ አሸንፎ እንደተወችው ተጽፏል። አባባሉ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ታሪኩን አይገልጽም። ትንሽ አገር ስለሆነች አቅም አንሷት ነው የሚለው፣ በተቃራኒው ወገን ዘወትር የሚሰማው አስተያየትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ስዊድን ከቦምቡ የራቀችው ውሳኔውን ከዐሥር ዓመት በላይ ሆን ብላ በማቆየቷ ነው፤ ማቆየቱም እንደ ድክመት ሳይሆን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ፖሊሲ ሊታይ ይገባል።

በመጀመሪያ የአቅሙን ጉዳይ መመልከት ያስፈልጋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሂሮሺማና ናጋሳኪ በተደበደቡበት በ1945 የስዊድን ጦር አዛዦች፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የመከላከያ ምርምር ተቋም ስለ አዲሱ መሣሪያ የሚታወቀውን አጠናቅሮ እንዲያቀርብ ጠየቁ፤ በ1947ም መንግሥት ከግል ኩባንያዎች ጋር በሽርክና አቶምኢነርጂ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ1954 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ማብላያ፣ ማለትም የአቶም መሰንጠቅን በቁጥጥር ሥር የሚያካሂደው ሪአክተር፣ የተተከለው በዋና ከተማዋ በስቶክሆልም፣ በንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ፣ ዐለት ተፈልፍሎ 25 ሜትር ያህል ከመሬት በታች በተዘጋጀ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

የዘመኑን አሳብ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን ከስቶክሆልም በስተደቡብ፣ እንዲሁ በዐለት ውስጥ የተሠራው የኦጌስታ ማብላያ ነው። ኦጌስታ ከ1964 እስከ 1974 ድረስ ፋርስታ ለተባለው የከተማዋ ዳርቻ ሰፈር ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየላከ ቤቶችን ሲያሞቅ ቆየ። የሚሠራው በተፈጥሮ ዩራኒየም፣ ማለትም ባልበለጸገና አገሪቱ ከራሷ ዐለት ልታወጣው በምትችለው ነዳጅ ሲሆን፣ ከባድ ውሃ የተባለው ልዩ የውሃ ዓይነት ደግሞ የአቶሙን መሰንጠቅ ለማስቀጠል ያገለግል ነበር። በእንዲህ ዓይነት ማብላያ ውስጥ ከዩራኒየሙ ከፊሉ ወደ ፕሉቶኒየም ይለወጣል፤ ነዳጁ ጊዜው ሳይደርስ ቶሎ ከወጣ ደግሞ ፕሉቶኒየሙ ለቦምብ ተስማሚ ይሆናል። የፋርስታ ነዋሪ በክረምት ቤቱ ሲሞቅለት፣ የጦሩ ዕቅድ አውጪዎች በበኩላቸው ይኸው መንገድ ለቦምብ ምን ያህል ፕሉቶኒየም ሊያስገኝ እንደሚችል ያሰሉ ነበር። ጠቅላይ አዛዡ ኒልስ ስቬድሉንድ በ1954 አገሪቱ ይህ መሣሪያ ያስፈልጋታል ብለው በይፋ ከተናገሩ በኋላ፣ ወራሪን በወደብና በማረፊያው ላይ ለመምታት የታሰቡ ታክቲካዊ፣ ማለትም ለጦር ሜዳ የሚውሉ፣ 100 ያህል ቦምቦች በዕቅድ ተይዘው ነበር። ይህን ሁሉ ያደራጀችን አገር አቅመ ቢስ ማለት አይቻልም።

ሰላም ወዳድነቷ አሸነፈ የሚለውም ቢሆን በቀላሉ የሚያዝ አይደለም። በ1957 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ቦምቡን የደገፉት 40 ከመቶ ያህል ሲሆኑ ከተቃወሙት በመጠኑ ይበልጡ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ታጌ ኤርላንደር መጀመሪያ ላይ ወደ ድጋፉ ያዘነበሉ ሲሆን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ኤስተን ኡንዴን ግን አጥብቀው ተቃወሙ። በ1956 ደግሞ በኢንጋ ቶርሶን የሚመራው የገዥው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ የሴቶች ማኅበር የስዊድንን ቦምብ እንደማይቀበል ሲያስታውቅ፣ ፓርቲው ለሁለት የመከፈል አደጋ ተጋረጠበት። ኤርላንደር ያገኙት መውጫ፣ በኋላ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ወጣቱ ኡሎፍ ፓልሜ በጸሐፊነት ባገለገለበት የፓርቲው የጥናት ቡድን በኩል የቀረበ ነበር፤ ይኸውም ቦምቡን ለመሥራትም ላለመሥራትም ሳይወስኑ የመወሰንን ነጻነት ጠብቆ መቆየት፣ ምርምሩንም ከጥቃት ለመከላከል በሚያገለግለው ላይ ብቻ መወሰን የሚል ነው። ይሁን እንጂ የቦምብን ጉዳት ለማወቅ የቦምብን አሠራር ማወቅ ግድ ስለሚል፣ የተሰመረው ወሰን እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሆነ።

በዚህ መሐል ጊዜ የራሱን ሥራ ሠራ። የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ ቦምቡ የእነሱን በጀት እንደሚበላ እያደር ተገለጠላቸው፤ ከራስ በላይ ነፋስ ነውና ቀድሞ የነበራቸው ጉጉት በረደ። አሜሪካ የበለጸገ ዩራኒየምን በርካሽ ለመሸጥ ስትነሳ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ በተራ ውሃ ወደሚሠሩ ማብላያዎች ዞሩ፤ ሻጯም ነዳጁ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል ቁጥጥር ታደርግ ስለነበር፣ ለቦምብ የሚያመቸው የከባድ ውሃ መንገድ የንግድ ደጋፊ አጣ፣ በዚሁ መንገድ የታቀደው የማርቪከን ማብላያም ሥራ ሳይጀምር በ1970 ተሰረዘ። ስዊድን የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1968 ስትፈርም፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ፓርቲ ሊከፍል የነበረው ጥያቄ ያለ ብዙ ክርክር አለፈ።

ሐተታው ሳይጠቅሰው የቀረ፣ አንባቢውን በቅርብ የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ ነው ሲል ያሳለፈውን ውሳኔ በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ በዚያው ጉባኤ ኡንዴን መሣሪያው የሌላቸው አገሮች ላለመታጠቅ በምን ሁኔታ እንደሚስማሙ እንዲጠየቁ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በቀጣዩ ዓመት ጄኔቫ ላይ በተቋቋመው የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ ሁለቱ አገሮች ከየትኛውም ጎራ ካልወገኑት ስምንት አባላት መካከል ነበሩ፤ ስዊድንን የወከሉትም በኋላ በ1982 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተጋሩት አልቫ ሚርዳል ናቸው። በአገር ቤት ውሳኔው ታግዶ ሳለ በውጭ ሌሎችም እንዳይታጠቁ መሟገት አስመሳይነት ይመስላል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ጄኔቫ ላይ የተደረገው እያንዳንዱ ንግግር ወደ ቦምቡ የሚመለሰውን መንገድ ለስቶክሆልም እያጠበበው ሄዷል።

በፖሊሲው ላይ ሊሰነዘር የሚገባው እውነተኛ ወቀሳ ሌላ ነው። ኒ ቴክኒክ የተባለው ጋዜጣ በ1985 እንዳጋለጠው፣ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘው ምርምር ሕዝብ ከሚያውቀው እጅግ ሰፍቶ እስከ 1972 ድረስ ቀጥሎ ነበር። ውሳኔን ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ የሚቆየው ነገር ምን ያህል እንደተጓዘ ከሕዝብ መሰወር ግን ሌላ ነው፣ ለዚህም ጊዜ መግዛት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ስዊድን በ2024 የኔቶ አባል መሆኗን እያነሱ ያን ጊዜ ቦምቡን መተዋ ስሕተት ነበር የሚሉ አሉ። እነዚህ ወገኖች መመለስ ያለባቸው ጥያቄ፣ ሰባት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበራት አገር 100 ታክቲካዊ ቦምቦችን በራሷ ባሕር ዳርቻ ላይ ብታፈነዳ ከወራሪው ማንን ልታድን ትችል እንደነበረ ነው፤ የስቬድሉንድ ዕቅድ ለዚህ የሰጠው አጥጋቢ መልስ አልነበረም።

ከአንድ የመጽሔቱ ቋሚ አንባቢ